አላን ቱሪንግ፦ የመንግሥትን ምስጢር የጠበቁት የሒሳብ ሊቅ

ዜጎች አገልግሎት ፈልገው ወደ መንግሥት ተቋም ሲቀርቡ ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና ሌላም የግል መረጃቸውን በአደራ ይሰጣሉ። አደራው ሲጠበቅ የሚያስገኘውን ጥቅም፣ ሲጓደልም የሚያስከትለውን ጉዳት ከሚያሳዩ የሕይወት ታሪኮች አንዱ የእንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ የአላን ቱሪንግ ታሪክ ነው።

ቱሪንግ እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 1912 በለንደን ከተማ ተወለዱ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ካጠኑ በኋላ፣ በ1936 ባቀረቡት ጥናት የተሰጠውን መመሪያ ደረጃ በደረጃ እየፈጸመ ስሌት የሚሠራ መሣሪያን በሐሳብ ደረጃ አብራሩ። ይህ ሐሳብ ለዛሬው ኮምፒውተር ከተጣሉት መሠረቶች አንዱ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1939 ሲጀመር ብሌችሊ ፓርክ በተባለው የእንግሊዝ ምስጢራዊ ተቋም ሥራ ጀመሩ። የጀርመን ጦር መልእክቱን የሚያስተላልፈው ኤኒግማ በተሰኘ የምስጢር ጽሕፈት መሣሪያ ነበር። የፖላንድ የሒሳብ ሊቃውንት መሣሪያውን ቀደም ብለው መርምረው የደረሱበትን ለእንግሊዞች አካፍለው ስለነበር፣ ቱሪንግ በዚሁ ላይ ተመሥርተው የመሣሪያውን ዕለታዊ ቁልፍ ለማግኘት የሚረዳ ሌላ መሣሪያ ነደፉ። በተለይም የጀርመን ባሕር ኃይል መልእክቶች እንዲፈቱ ያበረከቱት አስተዋጽኦ ከፍተኛ ነበር።

ኤኒግማ በአሠራሩ እጅግ ውስብስብ ቢሆንም ለሽንፈት ካበቁት ምክንያቶች አንዱ የተጠቃሚዎቹ ልማድ ነው። የአየር ሁኔታ ዘገባዎች በተመሳሳይ ቃላት ይላኩ ነበር፤ አንዳንድ ሠራተኞችም በቀላሉ የሚገመቱ ፊደላትን ለቁልፍነት ይመርጡ ነበር። በዛሬው የይለፍ ቃል አጠቃቀም ረገድም ተመሳሳይ ስህተት ይታያል።

በአንጻሩ ብሌችሊ ፓርክ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ቢኖሩትም እያንዳንዱ የሚያውቀው ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ ነበር። የምስጢር ግዴታቸውንም ከጦርነቱ በኋላ አክብረው ስለኖሩ ሥራቸው በይፋ የታወቀው በ1970ዎቹ ነው። ቱሪንግም በ1946 የክብር ሽልማት ሲቀበሉ የተሸለሙበት ሥራ ለሕዝብ አልተገለጸም።

ከጦርነቱ በኋላ ቱሪንግ የኮምፒውተር ንድፍ ሠሩ፤ ከ1948 ጀምሮም በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ አገለገሉ። በ1952 ቤታቸው በሌባ በመደፈሩ እንደማንኛውም ዜጋ ለፖሊስ አመለከቱ። ይሁን እንጂ በምርመራው ሂደት በዘመኑ የእንግሊዝ ሕግ ወንጀል የነበረ የግል ግንኙነታቸው ስለተገለጠ አመልካቹ ራሳቸው ተከሰሱ። ተፈርዶባቸው ከእስራት ይልቅ የሆርሞን ሕክምና እንዲወስዱ ተደረገ፤ በምስጢራዊ ሥራ የመሳተፍ ፈቃዳቸውም ተነጠቀ። የመንግሥትን ምስጢር በታማኝነት የጠበቁት ሰው የራሳቸው ምስጢር አደባባይ ወጣ። ጁን 7 ቀን 1954 በ41 ዓመታቸው አረፉ። የእንግሊዝ መንግሥት በ2009 ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2013ም የንጉሣዊ ምሕረት ተሰጣቸው፤ ሁለቱም ግን የደረሱት ካረፉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው።

ከዚህ ታሪክ መረዳት እንደሚቻለው የመረጃ ደኅንነት የሚረጋገጠው በመሣሪያ ጥራት ብቻ ሳይሆን በሠራተኛው ሥነ ምግባርና መረጃው ለተሰጠበት ዓላማ ብቻ በመዋሉ ጭምር ነው። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ለታወቀና ሕጋዊ ለሆነ ዓላማ እንዲሰበሰብ ይደነግጋል። ስለሆነም ተገልጋዮች መረጃ ሲጠየቁ ለምን አገልግሎት እንደሚውል መጠየቅ፣ የይለፍ ቃላቸውንም ለሌላ ሰው አሳልፈው አለመስጠት ይጠበቅባቸዋል። መረጃውን የሚቀበለው ሠራተኛም የተረከበው ወረቀት ብቻ ሳይሆን የአንድ ሰው ሕይወት መሆኑን ሊዘነጋ አይገባም።