በገጽ ግርጌ የሰፈረ ዓለም፦ ቶማስ ቢዊክና የምዕራፍ መዝጊያ ሥዕሎቹ

በቀድሞው ዘመን የአውሮፓ አታሚዎች ምዕራፍ ሲያልቅ ከጽሑፉ ሥር የሚተርፈውን ባዶ ቦታ በአነስተኛ ጌጥ ይሞሉት ነበር። ጌጡ አብዛኛውን ጊዜ ከጽሑፉ ጋር ዝምድና አልነበረውም። ይህን ቦታ የሐሳብ መግለጫ በማድረግ ረገድ እንግሊዛዊው የእንጨት ቀራጭ ቶማስ ቢዊክ ጎልቶ ይታወቃል።

ቢዊክ በ1753 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን እንግሊዝ፣ በታይን ወንዝ አቅራቢያ በምትገኘው ቼሪበርን ተወለደ። አባቱ ገበሬ ሲሆን አነስተኛ የድንጋይ ከሰል ማውጫም ነበረው። ልጁ ወረቀት ሲያልቅበት በመቃብር ድንጋይና በቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ በጠመኔ ይሥል ነበር። በ1767፣ በ14 ዓመቱ፣ በኒውካስል ከተማ የራልፍ ቤይልቢ ተለማማጅ ሆኖ የቅርጽ ሙያ ተማረ፤ በ1777 ደግሞ ሸሪኩ ሆነ።

በዚያን ጊዜ ለረቂቅ ሥዕል የሚመረጠው የመዳብ ሰሌዳ ነበር። ሰሌዳው ቀለም የሚይዘው በተቦረቦረው መስመር ውስጥ በመሆኑ ከፊደል ጋር በአንድ ማተሚያ ሊታተም አይችልም። ቢዊክ የመዳብ መቅረጫውን መሣሪያ ቦክስዉድ በተባለው ጠጣር እንጨት ላይ ተጠቀመበት፤ ግንዱ አግድም ሲቆረጥ በሚገኘው ገጽ ላይም እጅግ ቀጫጭን መስመሮችን ቀረጸ። የእንጨቱ ቁመት ከፊደሉ ጋር ስለሚስተካከል ሥዕልና ጽሑፍ በአንድነት ታተሙ።

በ1790 ስለ ባለ አራት እግር እንስሳት፣ በ1797ና በ1804 ደግሞ ስለ ብሪታንያ አእዋፍ የታተሙት መጻሕፍት ስሙን አስጠሩት። የወፎቹ ሥዕል ለተፈጥሮ እውነት መታመን ነበረበት፤ የመዝጊያው ሥዕል ግን ነጻ ነበር። በዚያ ቦታ አጥንት የሚግጥ ምስኪን አሮጌ ወታደር፣ በዝናብ የሚጓዝ መንገደኛ፣ የድልድይ ቀረጥ ላለመክፈል የላም ጅራት ይዞ ወንዝ ሲሻገር ባርኔጣውን ውሃ የሚወስድበት ሰው ይታያሉ። በዋናው ጽሑፍ ስፍራ ያላገኘው የድኾች ኑሮ በገጹ ግርጌ ተመዘገበ።

የሥራው ባለቤትነት ግን አከራካሪ ነበር። ቤይልቢ በአእዋፍ መጽሐፍ ላይ ስሙ በደራሲነት እንዲሰፍር በመፈለጉ ተጋጩ፤ ሽርክናቸውም ፈረሰ። የሁለተኛውን ቅጽ ጽሑፍ ያዘጋጀው ቢዊክ ራሱ ነው። ከመዝጊያ ሥዕሎቹም አንዳንዶቹን የቀረጹት እንደ ሉክ ክሌኔል ያሉ ተማሪዎቹ ናቸው። ስለዚህ ሥዕሎቹን ሁሉ በጅምላ ለቢዊክ መስጠት የወርክሾፑን የጋራ ድካም ይሸፍናል፤ ተራ ጌጥ ናቸው ብሎ ማለፍ ደግሞ የዘመኑን ማኅበራዊ ማስረጃ ያሳጣል። ሻርሎት ብሮንቴ በ1847 ባሳተመችው «ጄን ኤር» ውስጥ ልጅቷ የአእዋፉን መጽሐፍ ስትገልጥ ልቧን የሚስበው ከጽሑፉ ይልቅ ሥዕሉ መሆኑ፣ አንባቢዎች ለእነዚህ ሥዕሎች የሰጡትን ቦታ ያመለክታል።

ቢዊክ በ1828 አርፎ በኦቪንግሃም ተቀበረ። በ1862 በልጁ አማካይነት የታተመው የሕይወት ታሪኩ የሚዘጋው እርሱ ባዘጋጀው ሥዕል ነው፦ ከቼሪበርን ወጥቶ ወደ ወንዙ የሚወርድ የቀብር ጉዞ።