ሳትያጂት ሬይ፡ ፊልምን እየሠራ የተማረው የቤንጋል ሰው

ሕንዳዊው ሳትያጂት ሬይ ከዓለም ታላላቅ የፊልም አዘጋጆች ተርታ ስሙ ይጠራል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያ ፊልሙን ለመሥራት ሲነሳ የፊልም ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ ከዚያ በፊትም አንዲት ትዕይንት እንኳ አዘጋጅቶ አያውቅም ነበር። ሙያውን የተማረው በሲኒማ አዳራሽ ወንበር ላይ ተቀምጦ በማየት፣ በወረቀት ላይ በመሣል፣ በመጨረሻም በአንዲት የገጠር መንደር ውስጥ እየሠራና እየተሳሳተ ነው።

ሬይ እ.ኤ.አ. በ1921 በካልካታ ከተማ ከጸሐፊያንና ከኅትመት ባለሙያዎች ቤተሰብ ተወለደ። አባቱን በሕፃንነቱ በሞት በመነጠቁ ያሳደገችው እናቱ ናት። በኮሌጅ ምጣኔ ሀብትን ካጠና በኋላ ባለቅኔው ራቢንድራናት ታጎር በመሠረተው የሻንቲኒኬታን ዩኒቨርሲቲ ሥዕልን ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1943 ደግሞ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ በሠዓሊነት ተቀጠረ።

ልቡ ግን ወደ ፊልም አዘነበለ። እ.ኤ.አ. በ1947 ከጓደኞቹ ጋር የካልካታ የፊልም ማኅበርን አቋቋመ። ራሱን የሚያስተምርበት ዘዴም ነበረው። አንድ ልቦለድ ወደ ፊልም ሊቀየር መሆኑን ሲሰማ፣ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት የራሱን የፊልም ጽሑፍ ያዘጋጃል፤ ፊልሙ ሲወጣ ደግሞ ከራሱ ጋር እያስተያየ ጉድለቱን ይመረምራል። ፈረንሳዊው አዘጋጅ ዣን ርንዋር ለፊልሙ ቦታ ሊመርጥ ወደ ካልካታ በመጣ ጊዜም አብሮት እየተዘዋወረ ታላቁ ባለሙያ አንድን መንደር እንዴት እንደሚያይ አስተዋለ።

እ.ኤ.አ. በ1950 መሥሪያ ቤቱ ወደ ለንደን ላከው። በዚያ በቆየባቸው ወራት ወደ 100 የሚጠጉ ፊልሞችን ተመለከተ። ከሁሉም ልቡን የነካው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ የሠራው የብስክሌት ሌቦች የተሰኘው የጣሊያን ፊልም ነው። ፊልሙ በእውነተኛ ጎዳናዎች ላይ፣ ትወና ሙያቸው ባልሆነ ሰዎች የተሠራ ነበር። ታላቅ ፊልም ያለ ውድ ስቱዲዮና ያለ ዝነኛ ተዋናይ ሊሠራ እንደሚችል ሬይ ያን ጊዜ አመነ።

ለሥራው የመረጠው ፓተር ፓንቻሊ የተባለውን የቢቡቲቡሻን ባንዲዮፓድያይን ልቦለድ ነው። ታሪኩ በቤንጋል ገጠር በድህነት ስለሚኖር ቤተሰብና አፑና ዱርጋ ስለተባሉ ሁለት ልጆቹ ይተርካል። ሬይ እያንዳንዱን ትዕይንት በሥዕል አስፍሮ ገንዘብ ያላቸውን ሰዎች ደጅ ቢጠናም የሚያምነው አላገኘም። በመጨረሻ የሕይወት ኢንሹራንሱን አስይዞ ተበደረ፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1952 ቀረጻውን ጀመረ። የካሜራ ባለሙያው ሱብራታ ሚትራ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የሚያውቀው ፎቶግራፍ ማንሳትን ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ትምህርት የመጣው በመጀመሪያው ትዕይንት ነው። ሕፃኑ አፑ ነጭ አበባ ባወጣ ረጅም ሣር መካከል እኅቱን እየፈለገ መሄድ ነበረበት። ልጁ ግን ቀጥ ብሎ እንደ አሻንጉሊት ይራመዳል። ሬይ በመንገዱ ላይ ጭራሮ በተነ፤ በሣሩ ውስጥም ሰዎችን ደብቆ ከየአቅጣጫው እንዲጠሩት አደረገ። ያን ጊዜ ልጁ ቆም እያለ፣ ዞር እያለ በእውነት የሚፈልግ መሰለ።

ሁለተኛውን ትምህርት የሰጡት ከብቶች ናቸው። ቡድኑ በቀጣዩ እሑድ ቀሪውን ሊቀርጽ ሲመለስ የከብት መንጋ አበባውን ግጦ ጨርሶታል። ሜዳው ዳግም እስኪያብብ አንድ ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነ። ለሬይ የፊልም ሥራም እንደ እርሻ ወቅት አለው፤ ያመለጠ ወቅት በገንዘብ አይመለስም።

ገንዘቡም ቢሆን አለቀ። የባለቤቱ ጌጣጌጥ ተይዞ ብድር ቢገኝም ሥራው ለወራት ቆመ። በዚህ መካከል ልጆቹ ሊያድጉ፣ የአፑ ድምፅ ሊጎረንን ይችላል፤ አሮጊቷን የምትተውነው ቹኒባላ ዴቪም ወደ 80 ዓመት የተጠጋች ነበረች። ከመካከላቸው አንዱ ቢለወጥ ወይም ቢሞት የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ጣፋጭ ሻጩን የሚጫወተው ሰው በእርግጥ ሞተ፤ ሬይ በቁመና የሚመስለውን ሌላ ሰው ከጀርባው እየቀረጸ ትዕይንቱን አሟላ። ከእነርሱ ጋር የሚሮጠው ውሻም ሞቶ በሌላ ተተካ። በመጨረሻ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ወጪውን በመሸፈኑ ሥራው ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ተጠናቀቀ።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1955 ለሕዝብ ቀረበ፤ በቀጣዩ ዓመትም በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የሰውን ሕይወት በማሳየት ብልጫው ተሸለመ። ትምህርቱ ግን በዚህ አላበቃም። በሁለተኛው ፊልም ሚትራ በስቱዲዮ በተሠራ ግቢ ላይ ነጭ ጨርቅ ወጥሮ፣ የመብራቱን ብርሃን ወደ ጨርቁ በመላክ ተንጸባርቆ እንዲመለስ አደረገ። በዚህም የሰማይ ብርሃን የሚመስል ጥላው የለዘበ ብርሃን ተገኘ።

ሬይ ከ30 በላይ ፊልሞችን ሠርቷል፤ ኋላ ላይም የፊልሞቹን ሙዚቃ ራሱ ይደርስ፣ ካሜራውንም ራሱ ይይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የኦስካር የክብር ሽልማትን በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ተቀብሎ፣ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በ70 ዓመቱ በካልካታ አረፈ። በጀማሪዎች እጅ የተሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ ዛሬም ሙያውን ለሚማሩ ወጣቶች በየአገሩ ይታያል።