የጎራዴ መምህሩና ሠላሳ አምስቱ አኃዞች

የሕግ ተማሪ ሳለሁ የሁጎ ግሮሺየስ ስም ሳይነሳ ያለፈ የዓለም አቀፍ ሕግ ክፍለ ጊዜ ትዝ አይለኝም። የአባቱን ስም ግን ማንም አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅን። ከአባትየው ጋር የተዋወቅሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ዕድሜውን በአንድ ቁጥር ላይ ስለጨረሰ ሌላ ሰው ሳነብ ነው። ይህ ሰው ሉዶልፍ ቫን ኮለን ይባላል።

ቁጥሩ ሁላችንም በትምህርት ቤት 3.14 ብለን ያለፍነው ፓይ ነው፤ የማንኛውም ክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ሲካፈል የሚገኘው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2022 ከነጥብ በኋላ ያሉት አኃዞቹ እስከ 100 ትሪሊዮን ድረስ ተሰልተዋል፤ ከዚያም ወዲህ ክብረ ወሰኑ ደጋግሞ ተሻሽሏል። በአንጻሩ የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ መንኮራኩሮቹን በፕላኔቶች መካከል ለመምራት ከነጥብ በኋላ 15 አኃዝ ይበቃዋል። ታዲያ ቀሪው ለምን ይጠቅማል? እኔም እንደ ብዙ ሰው ይህን እጠይቅ ነበር። የሉዶልፍን ሕይወት ካወቅሁ ወዲህ ግን ጥያቄውን የማነሳው በጥንቃቄ ነው።

ሉዶልፍ የተወለደው በ1540 በጀርመን ሂልደስሃይም ከተማ ነው። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ላቲንና ግሪክም አያውቅም። በዚያ ዘመን ላቲን የማያውቅ ሰው ከሊቃውንት ተርታ አይቆጠርም። ወደ ኔዘርላንድስ ተሻግሮ በደልፍት ከተማ እንጀራውን የጋገረው በሁለት ሙያ ነው፤ ሒሳብና የጎራዴ ፍልሚያ በማስተማር።

ከክርስቶስ ልደት በፊት አርኪሜደስ 96 ጎን ያላቸውን ቅርጾች ከክብ ውስጥና ከክብ ውጭ በመግጠም፣ ፓይ ከ3 10/71 እንደሚበልጥና ከ3 1/7 እንደሚያንስ አረጋግጦ ነበር። ሉዶልፍ ይህን ሥራ በራሱ ማንበብ አልቻለም። ተርጉሞ የሰጠው ያን ደ ግሮት የሚባል ወዳጁ ነው። ይህ ሰው በኋላ የደልፍት ከንቲባ ሆኗል፤ የሁጎ ግሮሺየስ አባትም እሱ ነው።

የጎራዴ መምህሩ መንገዱ ከገባው በኋላ አላቆመም። የቅርጹን ጎኖች ቁጥር እጥፍ ማድረግ፣ ከዚያ እንደገና እጥፍ ማድረግ ነው። ጎኑ በታጠፈ ቁጥር ቅርጹ ወደ ክቡ ይጠጋል። ችግሩ፣ እያንዳንዱ እጥፍ ብዙ አኃዝ ያለው ስኩዌር ሩት በእጅ ማውጣትን ይጠይቃል፤ አንድ ቦታ ላይ የተሳሳተ ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይበላሽበታል። በ1596 ባሳተመው ስለ ክብ የተጻፈ መጽሐፉ፣ ከ515 ቢሊዮን በላይ ጎን ባለው ቅርጽ ተጠቅሞ 20 አኃዝ አገኘ። መጽሐፉን የጻፈው በላቲን ሳይሆን በደች ቋንቋ ነው።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1594፣ ላይደን ወደምትባለው የዩኒቨርሲቲ ከተማ ተዛውሮ የጎራዴ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። በዚያው ዓመት የ11 ዓመቱ ሁጎ ግሮሺየስ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያው ዓመት ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ታላቅ ሊቅ፣ የሁጎም መምህር የነበረው ዮሴፍ ስካሊገር፣ የክብን ጥንታዊ እንቆቅልሽ ፈታሁ ብሎ መጽሐፍ አወጣ። ስካሊገር ተራ ሰው አልነበረም። በ1583 ስለ ዘመን አቆጣጠር ባሳተመው ታላቅ ሥራው የእኛን ቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር ሳይቀር ያካተተ ምሁር ነው። እሱም እንደ ሉዶልፍ በ1540 ነው የተወለደው።

ስካሊገር ፓይ የ10 ስኩዌር ሩት ነው አለ፤ ይህም ወደ 3.1623 ይሆናል። ስህተቱን ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ዲያሜትሩ 1 የሆነን ክብ ከውጭ አቅፎ የያዘ፣ እኩል 24 ጎን ያለው ቅርጽ ዙሪያው ወደ 3.1597 ነው። በስካሊገር ሒሳብ ከሄድን የታቀፈው ከአቃፊው ይረዝማል ማለት ነው። የጎራዴ መምህሩ ስህተቱን አመለከተ፤ ሊቁ ግን አልተቀበለም። ላቲን የማያውቅ የጎራዴ አስተማሪ ስካሊገርን ሊያርም?

በእኔ ሙያ ይህን ትዕይንት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አንደኛው ወገን ስምና ማዕረግ ይዞ ይቀርባል፤ ሌላው ማስረጃ። በሒሳብ ያለው ጥሩ ነገር ማስረጃው በምስክር ክብደት አለመለካቱ ነው። እነሆ ዛሬ በስካሊገር ቁጥር የሚሠራ ማንም የለም።

በ1600 ልዑል ማውሪትስ በላይደን የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት ሲያቋቁም፣ ትምህርቱ በሕዝቡ ቋንቋ በደች እንዲሰጥ ተወሰነ። ከመምህራኑ አንዱ ሆኖ የተሾመው ሉዶልፍ ነው። ዕድሜው 60 ሞልቶ ነበር። ስሌቱን እስከ 35 አኃዝ ካደረሰ በኋላ በ1610 መጨረሻ አረፈ። ባለቤቱ አድሪያና የቀሩ ሥራዎቹን አሳተመች። ጀርመኖች ለረጅም ዘመን ፓይን የሉዶልፍ ቁጥር ሲሉት ኖረዋል።

ላይደን በሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር አኃዞቹ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ተቀረጹ። ድንጋዩ በዘመናት ብዛት ጠፍቶ በ2000 በአዲስ ተተክቷል። እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ የተቀረጸበት አኳኋን ነው። ሉዶልፍ ቁጥሩ ይህ ነው አላለም። በ288 ከሚያልቀው ይበልጣል፣ በ289 ከሚያልቀው ያንሳል ነው ያለው። ያረጋገጠውን ያህል ብቻ መሰከረ፤ አንዲት አኃዝ እንኳ አልጨመረም። ሕይወቱን ለአንድ ነገር የሰጠ ሰው በመቃብሩ ላይ እንኳ ከማስረጃው አልፎ አለመናገሩ ብዙዎቻችን የምንጎድልበት ዲሲፕሊን ነው።

ድካሙ ከንቱ ነበር የሚል ይኖራል። ተማሪው ቪሌብሮርድ ስኔል በ1621 እጅግ ባነሰ ጎን ያንኑ ያህል ውጤት የሚሰጥ አቋራጭ አሳተመ፤ የመምህሩን 35 አኃዞች ለኅትመት ያበቃውም በዚሁ መጽሐፍ ነው። በ1882 ደግሞ ሊንደማን የተባለ ጀርመናዊ፣ ስካሊገር ፈታሁ ያለው እንቆቅልሽ በማስመሪያና በኮምፓስ ጨርሶ እንደማይፈታ አረጋገጠ። ነገር ግን ረጅሙን መንገድ የሄደ ሰው ባይኖር አቋራጩን ማን ይፈልገው ነበር?

ዛሬም ነገሩ ያው ነው። በ1986 ናሳ ውስጥ 29 ሚሊዮን አኃዝ ለማስላት የተጻፈ ፕሮግራም የክሬይ ሱፐር ኮምፒዩተሮችን የተሰወረ ብልሽት አጋልጧል። ትክክለኛው መልስ አንድ ብቻ ስለሆነ ማሽኑ መዋሸት አይችልም። የፓይ አኃዞች ጥቅማቸው ክብን ለመለካት ብቻ አይደለም፤ የሚሰላውን መሣሪያም፣ የሚያሰላውን ሰውም ይመዝናሉ። በዚያ ሚዛን ላይ ስካሊገር ቀለለ፤ የጎራዴ መምህሩ ግን ከነ35 አኃዞቹ እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም።