ሊዮ ፌንደርና ባለ 5 ዋቱ ማጉያ

የምህንድስና ታሪክ ሲጻፍ ግድቡ፣ ድልድዩና የኃይል ማመንጫው ቀድመው ይነሣሉ። በአንድ እጅ ተንጠልጥሎ የሚሄድ፣ በ3 ቫልቮችና በጥቂት ሬዚስተሮችና ኮንደንሰሮች የተገነባ መሣሪያ ግን ከቁም ነገር የሚቆጠርበት ጊዜ እምብዛም ነው። ሆኖም አሜሪካዊው የራዲዮ ጠጋኝ ክላረንስ ሊዮኒዳስ ፌንደር ለጀማሪ ተማሪዎች አስቦ የሠራው፣ 5 ዋት ያህል ብቻ የሚያወጣው የጊታር ማጉያ፣ እጅግ የሚበልጡት ኃይለኛ ማጉያዎች ከተሠሩም በኋላ በስቱዲዮና በመኖሪያ ቤት ተፈላጊነቱን አላጣም። ምክንያቱ ከሰውየው የሕይወት ጉዞ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ መመልከት ይገባል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊዮ ፌንደር ኦገስት 10 ቀን 1909 በደቡብ ካሊፎርኒያ፣ በአናሃይምና በፉለርተን ከተሞች አካባቢ ተወለደ። ወላጆቹ በብርቱካን እርሻ የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ። 8 ዓመት ሲሆነው በግራ ዓይኑ ላይ ዕጢ ተነሥቶበት ዓይኑ ወጣና በመስተዋት ዓይን ተተካ። በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበረው አጎቱ የራዲዮ ዕቃዎችን ሰጠው፤ በአጎቱ ሱቅ ያየውና የሰማው ራዲዮም ልቡን ማረከው። ከዚያ ወዲህ ራዲዮ መፍታት፣ መግጠምና መጠገን የትርፍ ጊዜ ሥራው ሆነ።

የሚያስደንቀው ግን በኤሌክትሪክ ምህንድስና አንድም ቀን በመደበኛ ትምህርት ቤት አለመማሩ ነው። በፉለርተን ጁኒየር ኮሌጅ የተማረው የሒሳብ አያያዝ ነበር። ከዚያም በበረዶ ኩባንያ፣ ቀጥሎም በካሊፎርኒያ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት አገለገለ። በ1934 ኤስተር ክሎስኪ የተባለች ወጣት አገባ። ዘመኑ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የሰፈነበት ነበርና ከሥራው ተሰናበተ። በ1938፣ ገና 30 ዓመት ሳይሞላው፣ 600 ዶላር ተበድሮ በፉለርተን ከተማ የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ።

የፌንደር እውነተኛ ዩኒቨርሲቲ ይህ ሱቅ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ መሐንዲስ የሠራውን መሣሪያ ከፋብሪካው በር ካስወጣ በኋላ ብዙ ጊዜ መልሶ አያየውም፤ ጠጋኝ ግን የሌላው ሰው ስሕተት በየቀኑ ከጠረጴዛው ላይ ይደርሳል። የትኛው ኮንደንሰር ቶሎ እንደሚያረጅ፣ የትኛው ትራንስፎርመር እንደሚቃጠል፣ የትኛው ሽቦ በንዝረት እንደሚበጠስ የሚያውቀው እርሱ ነው። ወደ ፌንደር ሱቅ የአካባቢው ሙዚቀኞችም የተበላሹ ማጉያዎቻቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። እርሱ ራሱ ጊታር መጫወት አልተማረም፤ ስለዚህ የተጫዋቾቹን አቤቱታ እንደ ቴክኒክ መረጃ አድርጎ ከመስማት በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ዶክ ካውፍማን ከተባለ ሙዚቀኛና የፈጠራ ሰው ጋር ተሻርኮ ጭን ላይ ተጋድመው የሚመቱ የኤሌክትሪክ ጊታሮችንና ትንንሽ ማጉያዎችን መሥራት ጀመረ። በ1946 ካውፍማን የዕዳው ነገር አስግቶት ከሽርክናው ሲወጣ ፌንደር በራሱ ስም የኤሌክትሪክ የሙዚቃ መሣሪያ ኩባንያ አቋቋመ። በዚያን ጊዜ የጭን ጊታር መማር በአሜሪካ እጅግ የተስፋፋ ስለነበረ ጊታሩና ማጉያው እንደ አንድ ጥንድ ለተማሪዎች ይሸጡ ነበር። ተማሪው ገንዘቡ ጥቂት፣ የሚለማመድበትም ክፍል ጠባብ ነው፤ ዕቃውንም ከቤቱ ወደ አስተማሪው ቤት ተሸክሞ ይመላለሳል። ርካሽ፣ ቀላልና የማይበላሽ ማጉያ ያስፈልገው ነበር።

ለዚህ ጥያቄ ፌንደር የሰጠው መልስ ቻምፒዮን የተባለው ማጉያ ሆነ። የ1948ቱ ሞዴል ባለ 8 ኢንች ስፒከር ሲሆን፣ በ1949 ባለ 6 ኢንች ስፒከር ያለው ተከተለው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ስሙ አጥሮ ቻምፕ ተባለ፤ ስፒከሩም ወደ 8 ኢንች ተመለሰ። በዚያ ዘመን በተሠራው ሞዴል ውስጥ ያሉት ቫልቮች 3 ብቻ ናቸው። 12ኤኤክስ7 የተባለው ሁለት ትራዮዶችን በአንድ ብርጭቆ ውስጥ የያዘ ሲሆን ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ ምልክት በሁለት ደረጃ ያሳድጋል። 6ቪ6 የተባለው የኃይል ቫልቭ ምልክቱን በትራንስፎርመር አማካይነት ለስፒከሩ ያቀብላል። 5ዋይ3 የተባለው ደግሞ ተለዋዋጩን ጅረት ወደ ቀጥተኛ ጅረት ይለውጣል። መቆጣጠሪያው የድምፅ መጠን ማስተካከያ ብቻ ነው።

ኃይሉ በ5 ዋት አካባቢ መወሰኑ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በአንድ የኃይል ቫልቭ ብቻ በሚሠራ ማጉያ ውስጥ፣ ምልክት ቢኖርም ባይኖርም፣ በቫልቩ ውስጥ ጅረት ያለማቋረጥ ይፈስሳል፤ የዚህ ዓይነቱ አሠራር ቅልጥፍና በንድፈ ሐሳብ እንኳ ከ50 በመቶ አይበልጥም። የ6ቪ6 ቫልቭ በሙቀት መልክ ሊያስወግድ የሚችለው ኃይል ደግሞ ከ12 እስከ 14 ዋት ስለሆነ ወደ ስፒከሩ የሚደርሰው ከዚያ ከግማሽ ያነሰ ነው። ሁለት የኃይል ቫልቮችን በተቃራኒ ፋዝ ማሠራት ኃይሉን ይጨምር ነበር፤ ነገር ግን ተጨማሪ ቫልቭ፣ ፋዝ የሚገለብጥ ክፍልና ከበድ ያለ ትራንስፎርመር ይጠይቃል። ፌንደር ለተማሪው የመረጠው ይህን ሁሉ መተው ነበር።

ተማሪው ግን በዚህ ምርጫ እንደሚገመተው አልተጎዳም። የሰው ጆሮ ድምፅን የሚለካው በዋት ልክ አይደለም። ኃይል በ10 እጥፍ ሲጨምር ልዩነቱ 10 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮም ይህን እንደ 2 እጥፍ ያህል ጭማሪ ብቻ ይቀበለዋል። ስለሆነም ባለ 50 ዋት ማጉያ ከባለ 5 ዋቱ ይበልጥ የሚጮኸው በ10 እጥፍ ሳይሆን በ2 እጥፍ ገደማ ነው። እንዲሁም የስፒከሩ ብቃት በ3 ዴሲቤል ቢሻሻል ውጤቱ የማጉያውን ኃይል በእጥፍ እንደ ማሳደግ ይቆጠራል። ስለዚህ ማጉያ የሚመርጥ ሰው የዋቱን ቁጥር ብቻ አይቶ ቢወስን ይሳሳታል፤ ክፍሉን፣ ስፒከሩንና የሚሸከመውን ክብደት አብሮ ማስላት አለበት።

የጠጋኙ ልማድ ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚታየው በማጉያው ውስጣዊ አደረጃጀት ነው። ሬዚስተሮቹና ኮንደንሰሮቹ በአንዲት ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ በግልጽ ተደርድረው ስለሚቀመጡ የተቃጠለውን ነቅሎ ሌላ መበየድ ቀላል ነው። ቫልቮቹም በእጅ ተነቅለው በእጅ ይተካሉ፤ የትኛው ቫልቭ የት እንደሚገባ የሚያሳይ ወረቀትም በሣጥኑ ውስጥ ይለጠፍ ነበር። እርግጥ ነው፣ በማጉያው ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ የሆነ ሙላት ከጠፋ በኋላም በኮንደንሰሮቹ ላይ ሊቆይ ስለሚችል የሚከፍተው ሰው አስቀድሞ ማራገፍ ይኖርበታል። ዕውቀቱ ላለው ባለሙያ ግን የማይጠገን ክፍል የለበትም። በ1950ዎቹ የተሠሩ ማጉያዎች ዛሬም መሥራታቸው የዚህ ፍሬ ነው።

ፌንደር ራሱ ግን ልቡ ወደ ትልቁ ያደላ ነበር። በ1950 ለገበያ ያቀረበው ወጥ አካል ያለው ጊታር፣ በ1951 የኤሌክትሪክ ባስ፣ በ1954 ደግሞ ስትራቶካስተር የተባለው ጊታር ስሙን በዓለም አስጠሩት። የሙዚቃ አዳራሾች እየሰፉ ሲሄዱ ማጉያዎቹም አብረው አደጉ። ፌንደር ይመኘው የነበረው ጥርት ያለ፣ ያልተዛባ ድምፅ ነበር፤ ከፍተኛ ኃይል የሚሰጥ ማጉያ ለመሥራት የደከመውም ሳይዛባ እንዲጮህ ነው። በእርሱ ዓይን መዛባት የማጉያው ጉድለት እንጂ ሌላ አልነበረም።

ሙዚቀኞች ግን በዚህ ነገር አልተስማሙለትም። ትንሹ ማጉያ እስከ መጨረሻው ከፍ ሲደረግ የምልክቱ ጫፍ ይቆረጣል፤ በቫልቩ ውስጥ ያልነበሩ ሃርሞኒኮች ይወለዳሉ፤ ድምፁም ይወፍራል፣ ይረዝማል። ትልቁን ማጉያ ወደዚህ ደረጃ ለማድረስ ጆሮ የማይችለው ጩኸት ሲያስፈልግ ትንሹ በአንድ ክፍል ውስጥ ይደርስበታል። በ1970 ኤሪክ ክላፕተን በማያሚ ከተማ ሌይላ የተሰኘውን ሸክላ ከጓደኞቹ ጋር ሲቀርጽ በዚሁ በቻምፕ ተጠቅሟል። ለተማሪ ልምምድ ተብሎ የተሠራው ዕቃ በዓለም ከታወቁት የጊታር ቀረጻዎች በአንዱ ላይ ድምፁን አሰማ።

በዚያን ጊዜ ፌንደር የኩባንያው ባለቤት አልነበረም። በ1950ዎቹ የጀመረው የሳይነስ ሕመም እየጸናበት ስለሄደና ዕድሜው ያጠረ ስለመሰለው፣ በ1965 ኩባንያውን ለሲቢኤስ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ከሽያጩ በኋላ ግን ሕክምና አገኘና ዳነ። ከሞት ቀድሞ ሥራውን ለሌላ ያስረከበ ሰው ጤናው ተመልሶለት፣ በስሙ የሚጠራው ፋብሪካ በሌሎች እጅ ሲመራ መመልከት ግድ ሆነበት። እርሱ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1970ዎቹ ለሚውዚክ ማን ኩባንያ ሠራ፤ በ1979 ባለቤቱ ኤስተር ብትሞትበትም፣ በዚያው ዘመን ከቀድሞ የሥራ ባልደረባው ከጆርጅ ፉለርተን ጋር ሌላ የጊታር ኩባንያ መሠረተ። በዕድሜው ማብቂያ በፓርኪንሰን በሽታ እየተሠቃየ እንኳ ወደ መሥሪያ ጠረጴዛው መሄዱን አላቋረጠም። ማርች 21 ቀን 1991 በ81 ዓመቱ ዐረፈ።

ፌንደር ጉድለት ያለው መዛባት ለብዙዎች ውበት ሆነላቸው፤ ለጀማሪ ያለው ዕቃም በታላላቅ ተጫዋቾች እጅ ገባ። አንድ መሐንዲስ የሠራው ሥራ ለምን እንደሚውል አስቀድሞ ሁሉን ማወቅ አይችልም። በእጁ ያለው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ መሥራት፣ የሠራውንም ሌላ ሰው ከፍቶ ሊያየውና ሊጠግነው እንዲችል አድርጎ መተው ነው። በፉለርተን ሱቅ ከሌሎች ሰዎች የተበላሹ ራዲዮኖች ይህን የተማረው የሒሳብ ሠራተኛ፣ በ3 ቫልቭ ማጉያው ላይ የፈጸመው ይህንኑ ነው።