ጠመንጃ ፈትተው የሚገጥሙት ንጉሥ

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ፣ እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አባት ባለፈው ስልካቸው ላይ ፎቶ አሳዩኝ። የልጅ ልጃቸውን መስሎኝ ፈገግ ብዬ ሳይ ለካስ ጠመንጃ ነው። ውጅግራ! ገጠር ወንድማቸው ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ እንጨቱ በቅባት ታሽቶ የሚያብረቀርቅ፣ ከአያታቸው የወረሱት። ከተተኮሰ ስንት ዘመኑ እንደሆነ አያስታውሱም፤ ጥይቱም የለም። እኔ ደግሞ ኢኮኖሚክስ የተማርኩበት አባዜ አልለቀኝ ብሎ ስንት ሊያወጣ እንደሚችል ጠየቅኳቸው። የልጃቸውን ዋጋ የጠየቅኳቸው ያህል አዩኝ።

አሜሪካኖች በካውቦይ ፊልም የምናውቀውን፣ ከቃታው ስር ያለችውን ማንሻ ወደታች ገፍተው የሚያቀባብሉትን ዊንቸስተር እየወለወሉ ለልጅ ያወርሳሉ። የእኛ ሰው ደግሞ ውጅግራውን፣ ምንሽሩን፣ ለበኑን። ውጅግራ ስሙን ያገኘው ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ካወጡት ግራ ከሚባል ጠመንጃ ነው። ፉዚ ግራ የሚለው የፈረንሳይኛ ስም አፋችን ውስጥ ሲዞር ውጅግራ ሆነ። አንድ ጥይት ታጎርሳለህ፣ አንድ ትተኩሳለህ፣ በቃ። ታዲያ ይሄ የፈረንጅ ብረት እንዴት የጎረቤቴ ቤተሰብ አባል ሆነ? መልሱ በአብዛኛው አንድ ሰው ጋ ይወስዳል፤ ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ጋ።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ናቸው። ገና በ11 ዓመታቸው አጼ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ተማረኩና አሥር ዓመት ገደማ በቴዎድሮስ እጅ አደጉ። መድፍ ካላሠራሁ ብሎ እንቅልፍ ያጣ ንጉሥ ቤት ማደግ ማለት ነው። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡና ነገሡ። ከሦስት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲሰብር ቴዎድሮስ ሞቱ። የመሣሪያ ልዩነት ምን እንደሚያደርግ ከዚያ በላይ ትምህርት አልነበረም።

ምኒልክ ግን ጠመንጃን ከመፍራትም አልፈው ይወዱት ነበር። ቤተ መንግሥታቸውን የጎበኙ ፈረንጆች እንደጻፉት፣ አዲስ መሣሪያ ሲመጣላቸው በእጃቸው ፈትተው መልሰው እስኪገጥሙት ድረስ አያርፉም። በ1871 ዓ.ም. አካባቢ አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ወጣት የስዊዘርላንድ መሐንዲስ አንኮበር ደረሰ። እንደሚተረከው መጀመሪያ ጫማ አሠሩት። ቀጥለው ጠመንጃ እንዲሠራ አዘዙት። ኢልግ ከውጭ ቢያስመጡ በርካሽ የተሻለ እንደሚያገኙ ሊያስረዳ ሞከረ። ኮምፓራቲቭ አድቫንቴጅ ብለን ለፈተና የሸመደድነው ነገር ማለት ነው! ምኒልክ ግን አልሰሙትም። ሠራላቸው፤ በኩራት አስቀመጡት። እኔ እንደሚመስለኝ የፈለጉት ጠመንጃውን ብቻ አልነበረም። እዚህ መሠራት ይችል እንደሆነ ማወቅ ፈልገው ነው።

ለብዙ ሺህ ወታደር ግን በእጅ መሥራት አያዋጣም፤ መግዛት የግድ ነበር። እዚህ ላይ ነው ገበያ ያወቁት። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ለበንን ስታወጣ ውጅግራ ባንድ ጊዜ ያረጀ ዕቃ ሆነ። አውሮፓ ውስጥ ፋሽኑ ያለፈበት ጠመንጃ በጅቡቲና በታጁራ በኩል ወደኛ ይጎርፍ ጀመር። ከነጋዴዎቹ አንዱ ደግሞ ግጥሙን ትቶ በረሃ የገባው ታዋቂው የፈረንሳይ ገጣሚ አርተር ራምቦ ነው። ሊዬዥ ከተማ በ7 እና 8 ፍራንክ የሚገኝ አሮጌ ጠመንጃ ሸዋ በ40 ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጥ ለቤተሰቡ ጽፏል። ትርፉን አስቡት!

ሆኖም ራምቦ ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ገደማ ታገተ፤ ሸሪኩም ሞተበት። በ1879 ዓ.ም. 2,000 ያህል ጠመንጃ ይዞ ሸዋ ሲደርስ ምኒልክ ገና ሐረርን ይዘው፣ እዚያ የተገኘውን መሣሪያ ጭነው ነው የተመለሱት። አቅርቦቱ በዝቷል፤ ዋጋው ወርዷል። ምኒልክ ዕቃውን በቅናሽ ጠቅልለው ወሰዱ፣ የሟች ሸሪኩን ዕዳ ቀነሱ፣ ለቀረውም ሐረር ላይ ከመኮንን የሚቀበለው ወረቀት ጻፉለት። ገጣሚው እያማረረ ሄደ። በድርድር ከምኒልክ ጋር መቀመጥ ቀላል አልነበረም።

ጣሊያኖችም ይህን ዘግይተው ተማሩ። ወዳጅ መስለው ጠመንጃ ሰጡ፤ በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ። የአንቀጽ 17 ተንኮል ሲታወቅ ሊያባብሏቸው 2 ሚሊዮን ጥይት ላኩ። ምኒልክ ጥይቱን ተረከቡና በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ 100,000 የሚገመት ሠራዊት ተሰለፈ፤ አብዛኛው ጠመንጃ ነበረው። የሆነውን ታውቁታላችሁ።

እዚህ ላይ ማቆም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሒሳብ የሚባል ነገር አለ። ለዚያ ሁሉ ጠመንጃ የተከፈለው ከየት መጣ? በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ፣ በዝባድ፣ በቡና ነው። የባሪያ ንግድ ቀረጥም ነበረበት። ይህ ሀብት በብዛት የሚገኘው ደግሞ በደቡብና በምዕራብ ነው። ጠመንጃ አገር ያስገዛል፣ አገሩ የዝሆን ጥርስና ቡና ይሰጣል፣ እሱ ተሸጦ ሌላ ጠመንጃ ይገዛል። የአርሲ ሕዝብ ዓመታት የተዋጋው በአብዛኛው በጦርና በጋሻ፣ በፈረስ ነበር። ነፍጥ ማለት ጠመንጃ ነው፤ ዛሬ ስንሰዳደብበት የምንውለው ነፍጠኛ የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው። መንግሥት ለወታደሩ ደመወዝ የሚከፍለው ብር ስላልነበረው ገበሬውን ገባር አድርጎ ሰጠው። ዓድዋ ላይ ነጻ ያወጣን ጠመንጃና ይሄኛው ጠመንጃ ሁለት አይደሉም።

ምኒልክ ከዓድዋ በኋላ ፈትተው የሚያዩት ሌላ ነገር አላጡም፤ ስልክ፣ ባቡር፣ አውቶሞቢል፣ ባንክ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሾሙ። ብዙም ሳይቆይ ሕመም ጣላቸው፤ እጃቸው መፍታትና መግጠም አቆመ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ።

ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ጎረቤቴን ደጋግሜ አሰብኳቸው። ሰሞኑን ደረጃው ላይ ሳገኛቸው ዋጋውን ትቼ ታሪኩን ጠየቅኳቸው። አያታቸው ዓድዋ መዝመታቸውን ደረታቸውን ነፍተው አወሩኝ። ከዚያ ወደ አርሲ ተልከው መሬትና ገባር እንደተሰጣቸው ሲነግሩኝ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሁለቱንም ግን ነገሩኝ።

እናንተም ዘመድ ቤት የተሰቀለ አሮጌ ጠመንጃ ካያችሁ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ማን ገዛው፣ በምን ተከፈለ፣ የት የት ደረሰ? የሚያውቁት ሰዎች እያለቁ ነው።