ቶዮታን ያቋቋመው ኪኢቺሮ ቶዮዳ

ወላጆቻችን ስለ ኢትዮጵያ መንገድ ሲያወሩ ላንድክሩዘር ሳይነሳ አይቀርም። እዚህ እስራኤልም በየሰፈራችን ቶዮታ ሞልቷል። የመኪናውን ስም ሁላችንም እናውቃለን፤ ያቋቋመውን ሰው ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን የኪኢቺሮ ቶዮዳን ሕይወት ልናካፍላችሁ ወደድን።

ኪኢቺሮ እ.ኤ.አ. በ1894 ጃፓን ውስጥ ሺዙኦካ በሚባል አካባቢ ተወለደ። አባቱ ሳኪቺ የአናጢ ልጅ ነበር፤ የሽመና ማሽን በመፍጠር ታወቀ። ሽመናና ብረት ሥራ የአያቶቻችን ሙያ ስለነበር እኛም ይህንን ስናነብ ደስ አለን። ኪኢቺሮ በ1920 ከቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ በመካኒካል ምህንድስና ተመርቆ ከአባቱ ጋር መሥራት ጀመረ። ክር ሲበጠስ በራሱ የሚቆም ማሽን ሠርተው መብቱን በ1929 ለአንድ የእንግሊዝ ኩባንያ በ100,000 ፓውንድ ሸጡ። በዓመቱ አባትየው አረፈ።

በዚያን ጊዜ ጃፓን ውስጥ የሚሸጠው መኪና አብዛኛው ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ እዚያው የሚገጣጥሙት ነበር። ኪኢቺሮ አገሩ የራሷ መኪና እንዲኖራት ፈለገ። በ1933 እዚያው የሽመና ማሽን ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ክፍል ተከፈተ። ሼቭሮሌት ገዝተው ፈታቱትና እያንዳንዱን ዕቃ ለኩ። ከሁሉ ያስቸገራቸው ሲሊንደር ብሎክ የሚባለው የሞተሩ ዋና አካል ነው። ብረቱ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል፤ ውስጡ ውሃ የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ስላለው ቅርጹ ትንሽ ከተዛባ ሁሉም ይጣላል። እነሱም በመቶ የሚቆጠር ጣሉ! የመጀመሪያው ሞተር ሲሳካ ደግሞ ጉልበቱ ከሼቭሮሌቱ አነሰ፤ እንደገና ለፍተው 62 የፈረስ ጉልበት አደረሱት።

በ1935 ኤ-1 የተባለችው የሙከራ መኪና ተሠራች፤ ሦስት ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ጂ-1 የጭነት መኪና ወጣ። ይሄኛው ገና ለሕዝብ ሊታይ ወደ ቶኪዮ ሲጓዝ መንገድ ላይ ተሰበረ። ከተሸጠም በኋላ ቶሎ ቶሎ ይበላሽ ስለነበር ኩባንያው በነጻ እየጠገነ ደንበኞቹን ያዘ። በ1936 ቶዮዳ የሚለው ስም ቶዮታ ተባለ፤ በጃፓን ፊደል በ8 ጭረት ይጻፋል፣ 8 ደግሞ እነሱ ዘንድ የጥሩ ዕድል ቁጥር ነው። ኩባንያው በ1937 ራሱን ችሎ ተቋቋመ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ኤስኤ የተባለች ትንሽ መኪና ወጣች። ሞተሯ 995 ሲሲ ብቻ ነው። ለዘመኑ አዲስ ነገር ብዙ ነበረባት፤ ግን የተሠሩት 200 ያህል ናቸው።

ከዚያ ከባዱ ጊዜ መጣ። በ1949 አገሩ ላይ ገንዘብ ጠፋ፣ መኪና የወሰዱ ሰዎች መክፈል አቃታቸው፣ ኩባንያው ሊከስር ደረሰ። ኪኢቺሮ ሠራተኛ ላለማባረር ቃል ገብቶ ነበር፤ ሠራተኞቹም ለዚህ ብለው ደመወዛቸው 10 በመቶ እንዲቀነስ ተስማሙ። ባንኮቹ ግን ብድር የሚሰጡት ሠራተኛ ከተቀነሰ ብቻ ሆነ። በ1950 ኩባንያው 1,600 ሰው በፈቃዱ እንዲወጣ ጠየቀ። የሥራ ማቆም አድማ ተነሳ፣ ሁለት ወር ገደማ ቆየ። በመጨረሻ 2,000 ያህል ሰው ሥራውን ሲለቅ ኪኢቺሮም በሰኔ ከፕሬዚዳንትነቱ ወረደ። በዚህ ነገር እኛም እርስ በርስ አልተስማማንም። ገሚሶቻችን ቃሉን ስላልጠበቀ ራሱ መውጣቱ ትልቅነት ነው አልን፤ ሌሎቻችን ደግሞ የሱ መውጣት የተባረረውን አባወራ እንጀራ አይመልስም አልን። ሁለቱም እውነት ይመስለናል።

የሚገርመው፣ በዚያው ወር የኮሪያ ጦርነት ተነሳና የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና በብዛት አዘዘ። ኩባንያው ተረፈ። ኪኢቺሮ ተመልሶ እንዲመራ ተጠየቀ፣ እሺም አለ። ግን ሳይመለስ መጋቢት 1952 ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ በ57 ዓመቱ ሞተ። ክራውን የተባለችው የቶዮታ መኪና ገበያ የወጣችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።