ክሎድ ሻብሮልና የቴሌቪዥን ጭምብል

አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ የሚባለው ሰው የቴሌቪዥን ፕሮግራም አዘጋጅ ቢሆን ምን ይመስላል? ይህን ጥያቄ በፊልም ከመለሱት መካከል እኔ ቀድሜ የማነሳው እ.ኤ.አ. በ2010 በሰማንያ ዓመቱ ያረፈውን ፈረንሳዊ ዳይሬክተር ክሎድ ሻብሮልን ነው።

ሻብሮል እ.ኤ.አ. በ1930 ፓሪስ ውስጥ ከመድኃኒት ቀማሚ ቤተሰብ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሳርዳን በምትባል የገጠር መንደር ሲያድግ ከአንድ ጎተራ ውስጥ ፊልም ያሳይ ነበር። ወደ ፓሪስ ተመልሶ ፋርማሲ ቢጀምርም የአባቱን ሙያ አልወረሰም። ይልቁንም ካዬ ዱ ሲኔማ በተባለው መጽሔት ከእነ ትሩፎና ጎዳር ጋር የፊልም ሐያሲ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1957 ከኤሪክ ሮሜር ጋር ስለ ሂችኮክ መጽሐፍ አሳተመ።

የመጀመሪያ ፊልሙን የሠራው ሚስቱ በወረሰችው ገንዘብ፣ በዚያችው በሳርዳን ነው። ሁለተኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 የበርሊን ፌስቲቫልን ወርቃማ ድብ አስገኘለት። ይሁን እንጂ ዝናው ብዙም ሳይቆይ ቀዘቀዘ። ቀጥለው የመጡት ሥራዎቹ ገበያ አጡ፤ እሱም ከሙያው ላለመውጣት ሲል ተራ የስለላ ፊልሞችን ሠራ። ከ1968 በኋላ በትዳርና በግድያ ዙሪያ በሠራቸው ፊልሞች እስኪያንሰራራ ድረስ በዚህ ቆየ። የእንጀራንና የምኞትን ትግል ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሱ ኑሮ ያውቀዋል ማለት ነው።

ስለዚህም ይመስለኛል እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው «ጭምብሎች» እስካሁን ያልደበዘዘው። ፊሊፕ ኗሬ የሚጫወተው ክርስቲያን ለጋኘር አረጋውያንን መድረክ ላይ እያወጣ የሚያስደስት፣ አገር የወደደው የቴሌቪዥን ሰው ነው። የቤተሰብ ስሙ አሸናፊው እንደማለት ነው። አንድ ወጣት ጸሐፊ የሕይወት ታሪኩን ልጽፍ ብሎ ከገጠር ቤቱ ይሰነብታል፤ ይዞ የመጣው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እዚያ የሚያገኘው ደግሞ ሀብቷ የተፈለገ፣ ታማሚ ናት እየተባለች በመድኃኒት የደነዘዘች ወጣት ነው። ቀልዱ መራራ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አዳኙም ታዳኙም ጭምብል አጥልቀዋል፤ አሸናፊው የራሱን የሚጥለው በመጨረሻ፣ በካሜራ ፊት ነው።

ጊዜውም የተገጣጠመ ነበር። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1986 ባወጣችው ሕግ መሠረት የመንግሥት የነበረው ቲ.ኤፍ. አንድ ጣቢያ፣ ፊልሙ በወጣ በወራት ውስጥ፣ በሚያዝያ 1987፣ የሕንፃ ሥራ ተቋራጩ ቡዊግ ለሚመራው ቡድን ተላለፈ። የግማሽ ድርሻው ዋጋ ሦስት ቢሊዮን ፍራንክ ነበር። የተመልካች ዓይን ዋጋ ሲወጣለት የአሸናፊው ፈገግታም የገበያ ዕቃ ሆነ።

ሻብሮል ሕግንም አልማረም። እ.ኤ.አ. በ1988 «የሴቶች ጉዳይ» በተባለው ፊልሙ የቪሺ መንግሥት ፅንስ በማስወረድ ወንጀል በ1943 በጊሎቲን ያስቀጣትን ሴት ታሪክ መነሻ አደረገ። በ2006 ደግሞ «የሥልጣን ስካር» በተባለው ሥራው ሙሰኞችን የምትመረምር ዳኛ ራሷ በሥልጣኗ ስትሰክር አሳየ። ለእኔ ለሕግ ሰው ከሁሉ የከበደኝ ይኸኛው ነው፤ መርማሪውንም ሳይቀር ይመረምራልና።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን የምለው ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት ስለ አንድ አዋጅ በቴሌቪዥን አስተያየት እንድሰጥ ተጋብዤ ነበር። በማስታወሻዬ የአዋጁን ጥሩ ጎንም ጉድለቱንም ጽፌ ሄድሁ። መብራቱ ሲበራ ግን አወያዩ ፈገግ ያለበትን እያስረዘምሁ፣ ፊቱ የጠቆረበትን እየዘለልሁ ጨረስሁ። ማንም አላስፈራራኝም፤ ማንም አልከፈለኝም። ዳግመኛ መጋበዝ ፈልጌ ብቻ ነው። በማግስቱ ጎረቤቶቼ ሲያደንቁኝ ያልተነበበው የማስታወሻዬ ግማሽ ከኪሴ ውስጥ ነበር።

ሻብሮል ከሃምሳ በላይ ፊልሞችን ሠርቶ በፐር ላሼዝ መካነ መቃብር አርፏል። የእሱ ክፉዎች ቀንድ የላቸውም፤ በልተው የሚያበሉ፣ እንግዳ የሚያከብሩ፣ ደስ የሚሉ ሰዎች ናቸው። እኔም ከዚያ ወዲህ በቴሌቪዥን የሚናገር ሰው ሳይ፣ አስቀድሜ የምጠይቀው ከማስታወሻው ምን እንዳስቀረ ነው።